መኪናችንን ለምን በቅያሬ አልሰጠንም
(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር «እናንተ ሦስታችሁ መኪናችሁን ስትሸጡ ያያችሁትን ንገሩን፤ እኛም ነገ የሚገጥመን ነው» ብላችሁን ነበር። እኛም ተቀምጠን ተመካከርንና ሒሳብ የምትይዘው ትናገር ተባለ። የምንናገረው ግን የሦስታችንን ነው። ታላቃችን የቤቷን ጉዳይ ጭምር እንድናነሳ ፈቅዳልናለች፤ «ሳትሸፋፍኑ ተናገሩት፣ ተሸፋፍኖ ነው ሰውን የሚጎዳው» ብላናለች።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት መስቀል ፍላወር በተከራየናት ማድቤት ምሳ እያበሰልን ካዛንቺስ ላሉ መሥሪያ ቤቶች እናደርስ ነበር። መጀመሪያ በታክሲ እየተጋፋን፣ ሰሃኑን በጉልበታችን ይዘን ነበር የምንሄደው። ሽሮ ቀሚስ ላይ መፍሰሱን የምታውቅ ታውቀዋለች። በ2011 ዓ.ም. አንድ ያገለገለች ቪትዝ በ420 ሺህ ብር ገዛን። ታላቃችን 180 ሺህ፣ መንጃ ፈቃድ ያላት ጓደኛችን 140 ሺህ፣ ሒሳብ ያዧ 100 ሺህ አዋጣን። ሊብሬው በታላቃችን ስም ወጣ። እኛ እርስ በርሳችን በእጅ የተጻፈ፣ ሦስት ምስክር የፈረመበት ወረቀት ይዘን ከሒሳብ መዝገባችን ጋር አስቀመጥነው። ያን ጊዜ ወረቀቱን ስንጽፍ አፍረን ነበር፤ እህትማማቾች ተማምነን ለምን እንጽፋለን የሚል ስሜት ነበረን። የዛሬውን ንግግር ግማሽ ያህል የተሸከመችው ያቺ ወረቀት ናት።

በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ደንበኞቻችን ተበተኑ። በቀን 85 ምሳ እናወጣ የነበርን 30 ላይ ወረድን። ከእኛም አንዷ ቤቷ ተነስቶ ከከተማው ዳር ሄደች። መኪናዋ ግን ሥራ ቢኖርም ባይኖርም ትበላለች፤ ቦሎ አለ፣ የሦስተኛ ወገን መድን አለ፣ ዘይት አለ፣ ነዳጁ ደግሞ በየጊዜው ይጨምራል። እንሽጣትና ድርሻችንን እንካፈል፣ የቀረውን ምሳ በትራንስፖርት እያስላክን እንቀጥል ብለን ወሰንን።

ነገሩ የከረረው እዚህ ላይ ነው። የታላቃችን ባለቤት ከአንድ የመኪና መሸጫ ጋር ተነጋግሮ መጣ። አሮጌዋን ቪትዝ ወስደው በላይዋ ገንዘብ ተጨምሮበት የኤሌክትሪክ መኪና ይሰጡታል፤ እሱም መኪናውን ለሥራ ሊያሰማራው አስቧል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ሥራ የሚፈልግ ሰው ነው። «የእናንተን ቀስ እያልኩ እከፍላለሁ» አለን። አስቡት እንግዲህ። የእኛ ድርሻ በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ገብቶ፣ ሊብሬው በእነሱ ስም ሆኖ፣ እኛ አበዳሪ ልንሆን ነው። ቅያሬ ሲባል ማንም የማያስበው ይህን ነው፦ ገንዘብ እጅ ላይ ሳይወጣ መኪና ወደ መኪና ይለወጣል። ለአንድ ባለቤት ይህ ምቾት ሊሆን ይችላል። ለሦስት ባለድርሻ ግን የሚካፈሉት ነገር ይጠፋል።

በሕጉም ቢሆን እሱን ሳያካትቱ መሸጥ አይቻልም ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ውልና ማስረጃ ስትሄዱም ያገባችሁ መሆን አለመሆናችሁን ትጠየቃላችሁ፤ ያላገባችም ያላገባ ማስረጃ ታቀርባለች። ስለዚህ የእሱ ፊርማ የግድ ነው። ፊርማውን የምናገኘው በጭቅጭቅ ሳይሆን በሒሳብ ነው ብለን አንድ ቅዳሜ እቤታቸው ሄድን። ቡና ተፈላ። መዝገቡንም፣ ያቺን ወረቀትም ጠረጴዛው ላይ አኖርን።

ከመሄዳችን በፊት ግን ሁለታችን ያንን መሸጫ ቤት ደርሰንበት ነበር። እንደ ማንኛውም ገዢ ገብተን «ይህ የኤሌክትሪክ መኪና ያለ ቅያሬ፣ ሙሉ ክፍያ በባንክ ብናስገባ ስንት ነው?» ብለን ጠየቅን። 2 ሚሊዮን 750 ሺህ ተባልን። ለታላቃችን ባለቤት የተነገረው ግን 2 ሚሊዮን 850 ሺህ ነበር፤ ለቪትዟ ደግሞ 1 ሚሊዮን 350 ሺህ እንይዝላችኋለን ብለውታል። እንግዲህ በአሮጌው ላይ የሰጡትን 100 ሺህ በአዲሱ ላይ መልሰው ወስደውታል ማለት ነው፤ የቪትዟ እውነተኛ ዋጋ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ሆነ። ሰዎቹን ሌባ አላልንም፤ ነጋዴ ናቸው፣ መኪናዋን አድሰው እስኪሸጧት ገንዘባቸው ይታሰራል። ነገር ግን ሁለቱን ዋጋ ለየብቻ ሳይጠይቅ የሚስማማ ሰው ምን እንደሸጠ አያውቅም።

ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ሒሳቡን እንዲህ አቀረብነው። በቅያሬ ከሆነ ለመሸጫው 1 ሚሊዮን 500 ሺህ ትጨምራለህ፤ ለእኛ ለሁለታችን ደግሞ በ1 ሚሊዮን 350 ሺህ ሒሳብ 771 ሺህ ግድም ዕዳ አለብህ። በድምሩ 2 ሚሊዮን 271 ሺህ ታወጣለህ። ቪትዟን ለሰው በ1 ሚሊዮን 500 ሺህ ብንሸጣት የቤታችሁ ድርሻ 643 ሺህ ግድም ይሆናል፤ አዲሱን በ2 ሚሊዮን 750 ሺህ ብትገዛ የሚጎድልህ 2 ሚሊዮን 107 ሺህ ነው። ለአንተም 164 ሺህ ይሻልሃል፤ ለእኛም ዕዳ የለብህም። እሱ ወረቀቱን ወስዶ ለብቻው ደመረው። ደግሞ ደመረው። በኋላ «ሁለት ሚሊዮኑን ከየት አመጣለሁ?» ብሎ ሳቀ። ያ ዕዳ ቀድሞም ነበር፤ በቅያሬው ወሬ ውስጥ አልታየውም እንጂ። ሦስተኛው ቡና ሳይጠጣ «እፈርማለሁ» አለ።

ከዚያ መሸጡ ቀረ። ስለ ገበያው ትንሽ እንበል። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት በጣም አስወደደ። በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገና ዶላር ወጣ። ስለዚህ እንደ እኛ ያለች ያረጀች ቪትዝ፣ መለዋወጫዋ በየቦታው የሚገኝ፣ ማንም መካኒክ የሚያውቃት፣ ከገዛናት በሦስት እጥፍ በላይ ትጠየቃለች። ይህን በአእምሯችን ያላገናዘብን ብንሆን የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምተን «አትርፈናል» ብለን እንሰጥ ነበር።

ዝግጅቱ ብዙ አይደለም። ውስጧን አጥበን የወጥ ሽታውን አስወጣን፣ እሱ 2,100 ብር ፈጀ። የፊት ኩሽኔታዋ ይጮህ ነበርና ከእጅ ዋጋ ጋር 9,500 ከፍለን አስቀየርን። ባትሪ 7,000። ቀለም አስቀቡ ያሉንን አልሰማንም፤ አዲስ ቀለም ያየ ገዢ «ምን ደብቃችሁ ነው?» ይላል። ኮፈኗ አንድ ጊዜ ተገጭቶ ስቱኮ እንዳለው ገና በስልክ እንናገር ነበር። ሁለት ሰዎች በዚህ ምክንያት ቀርተዋል፤ የመጡት ግን ዋጋ ለመስበር የሚይዙት ሰበብ አጡ።

ስልክ ቁጥር የያዘ «ይሸጣል» የሚል ወረቀት ኋላ መስታወቱ ላይ ለጠፍን፣ ፎቶም በቴሌግራም ላክን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት የደወሉት ሁሉ ደላሎች ነበሩ። «ኔቱን ንገሩኝ» ይላል አንዱ። «ኔት» ማለት እናንተ 1 ሚሊዮን 450 ሺህ ትወስዳላችሁ፣ ከዚያ በላይ የተሸጠበት የእሱ ነው። በተለምዶ የደላላ ኮሚሽን 2 ከመቶ ነው ይባላል፤ በእኛ ዋጋ 31 ሺህ ብር ግድም መሆኑ ነው። በኔት ግን መቶ ሺህ ሊሆን ይችላል፣ አንቺም አታዪውም። ደላላ ይቅር አንልም፤ ከያዛችሁ በመቶኛ ተስማሙና ጻፉት፣ ከገዢውም ጋር ፊት ለፊት ተገናኙ።

ለሙከራ መንዳት ስለሚመጣ ሰው ብዙ ፈርተን ነበር። ያደረግነው ይህ ነው፦ ማንንም በቀጠሮ፣ በቀን፣ ማድቤታችን በር ላይ እንቀበላለን። መታወቂያና መንጃ ፈቃዱን በስልክ ፎቶ እናነሳለን። ሁለታችን አብረን እንቀመጣለን፣ አንዷ ከኋላ። ወደ ጎተራ ወርዶ መመለስ ብቻ። ሊብሬውን ዋናውን ለማንም አላሳየንም፤ ኮፒ ነበር የያዝነው።

በአራተኛው ሳምንት ትልቁ ዋጋ መጣ፤ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ። ሰውየው ነጋዴ ነው፣ ገንዘቡም አለ፣ ግን «ስም አላዞርም፣ ውክልና ስጡኝ» አለ። ምክንያቱ ይገባናል። ስም ሲዞር የቴምብር ቀረጥ አለ፣ ሌላም ወጪ አለ፤ እሱ ደግሞ ነገ ለሌላ ይሸጣታል። በአዲስ አበባ ስንት መኪና እንዲህ በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል! ሾፌራችን «40 ሺህ ብር እኮ ነው፣ እንቀበል» አለች። ታላቃችን ዝም ብላ ቆየችና የወንድሟን ነገር አነሳች። ወንድሟ ኮሮላውን በውክልና ሸጦ ረስቶት ነበር። በአሥራ አንድ ወሩ መኪናው ሰው ገጨና ፖሊስ የእሱን በር አንኳኳ። የነዳውን ሰው አያውቀውም፤ የገዛው ደግሞ ለሌላ ሸጦታል። ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለሰ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መኪናው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። መዝገብ ላይ ያለው ስም የታላቃችን ስም ነው፤ 40 ሺሁ ለሦስት ይካፈላል፣ መጥሪያው ግን ለእሷ ብቻ ይመጣል። ይህን ስትሰማ ሾፌራችን ራሷ ደውላ «አይሆንም» አለችው።

በሰባተኛው ሳምንት አንድ ባልና ሚስት መጡ፣ ሁለቱም ተቀጣሪዎች፣ የመጀመሪያ መኪናቸው። የራሳቸውን መካኒክ ይዘው ነበር። ከታች ገብቶ አየ፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳከረ፣ ስቱኮውንም ሳንነግረው አገኘው፤ ሚስትየው ግን «እሱን በስልክ ነግረውናል» አለች። ያቺ አንዲት ቃል የሰባት ሳምንቱን ድካም አስረሳችን። 1 ሚሊዮን 560 ሺህ ላይ ተስማማን፣ ስም ሊያዞሩ።

ቀብድ 50 ሺህ ሲሰጡን በወረቀት አሰፈርነው። ቀብድ ቀልድ አይደለም፤ በዚያው ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ የሰጠ ሰው ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለ ሰው ከተወ እጥፍ ይመልሳል። በማግስቱ ሌላ ሰው 1 ሚሊዮን 590 ሺህ ብሎ ደውሎ ነበር። ሒሳብ ያዧ ልቧ ትንሽ መታ፣ አንዋሽም። እጥፉ 100 ሺህ ነው፤ ግን ቁጥሩን ከመደመራችን በፊትም ቃል ሰጥተናል።

ቀሪውን ገንዘብ በሲፒኦ ሊያመጡ ነበር፤ እኛ ግን ጠዋት ባንክ ተገናኝተን ከሒሳባቸው ወደ ታላቃችን ሒሳብ እንዲዛወር ጠየቅን፣ አልተቀየሙም። ሲፒኦ የምትቀበሉ ካላችሁ ያወጣው ባንክ ራሱ ሳያረጋግጥላችሁ አትፈርሙ። ከዚያ ውልና ማስረጃ ሄድን። ባለቤቷም የሥራ ሰዓቱን ትቶ መጣ፤ ከሁላችን ቀድሞ ነው የደረሰው። ውሉ ላይ የተሸጠበት ትክክለኛ ዋጋ ተጻፈ። ቁልፉን የሰጠነው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙ እስኪዞር ድረስም ከገዢዎቹ ጋር መንገድ ትራንስፖርት ሁለት ጊዜ ተመላለስን፤ አዲሱን ሊብሬ በዓይናችን አይተን ኮፒ ወሰድን።

ከ1 ሚሊዮን 560 ሺህ ላይ 18,600 ወጪ ሲነሳ 1 ሚሊዮን 541 ሺህ 400 ብር ቀረ። እንደ መዋጮአችን 660,600፣ 513,800 እና 367,000 ተካፈልን። ከቅያሬው እውነተኛ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር 291 ሺህ 400 ብር ይበልጣል። ሰባት ሳምንት ፈጀ፤ ስልክ፣ ቀጠሮ፣ የማይመጣ ሰው መጠበቅ አለው። በመካከሉ መኪናዋን እየሠራንባት ስለነበር ግን የቆመ ሥራ የለም።

ለሁሉም ቅያሬ መጥፎ ነው አንልም። ብቻዋን የምትኖር፣ ከማታውቀው ሰው ጋር መኪና ውስጥ መቀመጥ የሚያስፈራት፣ ወይም ፈረቃ ሠርታ የምትገባ እህት 100 ሺህም 200 ሺህም ብሩን ለሰላሟ ብትከፍል አንፈርድባትም። መኪናዋ ከባድ የሞተር ችግር ካለባትም እንዲሁ። የምንለምናት ሁለቱን ዋጋ ለየብቻ ጠይቃ እንድትገባ ነው። ለማየትና ለመፈረም አብራን የምትሄድ ሰው ከፈለገች ደግሞ ሁለታችን ዓርብ ከሰዓት ነፃ ነን።

የታላቃችን ባለቤት የኤሌክትሪክ መኪናውን ገና አልገዛም፤ ከባንክ ብድር እየጠየቀ ነው። ታላቃችንም አዲሱ ሊብሬ በማን ስም እንደሚሆን አሁኑኑ መነጋገር ጀምራለች። የእኛን የሽርክና ወረቀትና የቀብዱን ስምምነት ስማችንን ሸፍነን ኮፒ አድርገናል፤ ጸሐፊያችን ጋር አለ፣ መውሰድ ትችላላችሁ።