ቮልስ እንጦጦ ላይ ለምን ትለግም ነበር?

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ቮልስ ነው። ድሮ ቮልስ ያልነበረው ቤተሰብ እንኳ ቮልስ ያለው አጎት ወይም ጎረቤት አያጣም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚችው መኪና ነው። ያንን ለታሪክ ሰዎች ልተወውና እኔ የኋላውን ኮፋኖ ልክፈት፤ ሞተሩ ያለው እዚያ ነውና።

በቮልስ ያደገ ሰው ስለ መኪናዋ ጠባይ ሁለት ነገር አይረሳም፦ እንጦጦን ስትወጣ ትለግማለች፣ ወደ ናዝሬት ስትወርድ ነፍስ ትዘራለች። የእኛም ቤቷ እንዲሁ ነበረች። አባቴ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያስጓራ እኛን ልጆቹን "ወደ ፊት ደገፍ በሉ" ይለናል፣ መኪናዋን የምናግዝ ይመስል። እናቴ ደግሞ ሞጆን ስናልፍ "ይቺ መኪና አዲስ አበባን አትወድም" ትላለች። ከሁለቱ ለሙያው የቀረበችው እናቴ ነበረች።

ሞተር ጉልበት የሚያገኘው ከቤንዚን ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑ የሚነድበት አየርም ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር፣ መጠኑ ያው ቢሆንም፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገባው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በብዙ ቤት የነበረችው 1200 ቮልስ፣ ሞተሯ 1,192 ሲሲ፣ ጉልበቷ በፋብሪካው ልኬት 34 የፈረስ ጉልበት ነበር። አንድ አምስተኛውን ስትቀንሱ አዲስ አበባ ላይ የሚተርፋት 27 ገደማ ነው። እንጦጦ አናት ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደረስ፣ ወደ 25 ይወርዳል። በዚያ ላይ ስድስት ሰውና ስንቅ ጫኑባት። ናዝሬት ስትደርስ ወደ 29 ይመለስላታል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከመነሻው ጥቂት ላለው ሞተር ሁለትና ሦስት ፈረስ በእግር ፔዳል ላይ በደንብ ይታወቃል።

ሌላው ጉዳይ ካርቡራተሩ ነው። የቮልስ ካርቡራተር አየሩ መሳሳቱን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቤንዚኑን በቆላ ልክ መቅዳቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ጭሱም ያልተቃጠለ ቤንዚን ይሸታል። የድሮ መካኒኮች መፍትሔው አልጠፋቸውም፤ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ዋናውን ቀዳዳ በጠበበ ይተኩትና እሳቱንም ጥቂት ያስቀድሙታል። መኪናዋ ትፈታለች። ችግሩ የሚመጣው ለደጋ የተስተካከለችውን ይዞ ወደ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ የወረደ ሰው ላይ ነው። ታች አየሩ ሲወፍር ቤንዚኑ ያንሳል፣ ቃጠሎው ይግላል፤ በውኃ ለማይቀዘቅዝ ሞተር ይህ አደገኛ ነው።

ውኃ ካነሳን፣ ቮልስ ራዲያተር የላትም። ሌሎቹ መኪኖች ዳገት ላይ ፈልተው ኮፋኖ ሲከፈትላቸው እሷ እያዘገመች ታልፋቸው ነበር፤ ባለቤቶቿም ይህን አሁንም በኩራት ያወራሉ። ኩራቱ ተገቢ ነው። ግን መኪናዋ አትፈላም ማለት አትግልም ማለት አይደለም፤ መጋሏን የሚያሳይ እንፋሎት የላትም ማለት ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚዞረው ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ ነው፣ ሁለቱንም የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይዋ የዲናሞ መብራት ስትበራ በሌላ መኪና "ባትሪ አይሞላም፣ ቤት እስክንደርስ ይበቃናል" ይባላል። በቮልስ ግን ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ዳር ይዞ ማጥፋት ነው። አባቴ ትርፍ ቺንጋ ሳይዝ ከከተማ አይወጣም ነበር። ቺንጋው የሚወጠረውም ለየት ባለ መንገድ ነው፦ የዲናሞው ፑሌጃ ለሁለት ይከፈላል፣ በመካከሉ ቀጫጭን ዋሸሮች አሉ፤ ከመካከል አውጥቶ ውጭ ሲያደርጓቸው ቺንጋው ይጠብቃል። በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከገባ ልክ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ ድምፅ ነው። "የእኔ ቮልስ እንደ ድሮው አትንጫጫም፣ ጸጥ ብላለች" ብሎ ደስ የሚለው ሰው አጋጥሞኛል። እኔ እደነግጣለሁ። ቫልቮቹ እንደ ሞተሩ ዘመን 0.10 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይፈልጋሉ፤ ያቺ ቀጭን "ተክ ተክ" የሚሰማውም ከዚያ ነው። ክፍተቱ ሲጠፋ ድምፁ አብሮ ይጠፋል፣ ቫልቩ ግን በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን የሚያስተላልፍበት ያጣና ይቃጠላል። ክፍተቱ የሚለካው ሞተሩ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ፣ ጧት ሳይነሳ ነው፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ከዘይት ቅያሪው ጋር። ዘይቱ ራሱ 2 ሊትር ተኩል ብቻ ነው፣ የሚያጣራውም የሽቦ ወንፊት እንጂ የወረቀት ፊልትሮ አይደለም፤ አቧራ መንገድ ላይ የምትውል መኪና ከዚያም ቀደም ብሎ ብትቀይሩላት አይከፋም።

መጀመሪያ የሚቃጠለውን ቫልቭ ገና ሳልከፍት ብትጠይቁኝ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነው እላለሁ። እስከ 1970 በፈረንጆች በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ለዚያ ሲሊንደር የሚደርሰው ማቀዝቀዣው ያሞቀውና ያስተረፈው ነፋስ ነው። ፋብሪካው ይህን ያረመው ለ1971 ሞዴል ማቀዝቀዣውን ከመንገድ ገለል በማድረግ ነው።

በመጨረሻ፣ የአባታችሁ ቮልስ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ቆማ ከሆነና ልታስነሷት ካሰባችሁ፣ ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት የቤንዚን ቱቦውን እዩ። ከፓምፑ እስከ ካርቡራተሩ ያለው ጎማ በዕድሜ ይሰነጠቃል፣ ሲያንጠባጥብ የሚወርደው በጋለ ሞተር ላይ ነው። የሞተሩ አካል የተሠራው ከማግኒዥየም ቅይጥ ነው፤ አንዴ ከተያያዘ ውኃ ሲደፉበት ይብሳል። ስለዚህ አሮጌውን ቤንዚን አውጡ፣ ቱቦውን በሙሉ በአዲስ ቀይሩ፣ ማሰሪያዎቹን አጥብቁ፣ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ሞተሪኖውን የምትነኩት ከዚያ በኋላ ነው።