ከኦ ግርጌ ያለችው 2
(በሰበታ ለጎልማሶች የተደረገ ንግግር)

ፊደል ለይታችኋል፤ ቁጥርም ታውቃላችሁ። የዛሬው ጉዳያችን ሁለቱንም የሚጠይቅ ነው።

በኬሚስትሪ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር ምልክት አለው። ካርቦን «ሲ»፣ ሃይድሮጅን «ኤች»፣ ኦክስጅን «ኦ» ተብሎ ይጻፋል። ውሃ ሁለት ሃይድሮጅንና አንድ ኦክስጅን ስለሆነ ከኤች ግርጌ ትንሽ 2 ይጻፍና ኦ ይከተላል። አንድ ሲሆን ቁጥር አይጻፍም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እዚህ ሰበታም ሆነ ሱሉልታ ብርዱ ሲበረታ ቡናው ተፈልቶ ካለቀ በኋላ ፍሙን ትተን በር እንዘጋለን። ከሰል አብዛኛው ካርቦን ነው። አየር እንደ ልብ ሲያገኝ አንዱ ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ይይዛል፤ ሲ፣ ኦ፣ ከኦ ግርጌ 2። ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ «ዳይ» ሁለት ማለት ነው። ስንተነፍስ የምናወጣውም ይኸው ነው። አየር ሲያጥረው ግን አንድ ኦክስጅን ብቻ የያዘም ይወጣል። ያቺ 2 ትቀራለች፤ ስሙም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ «ሞኖ» አንድ ነው።

ገዳዩ ይህ ነው። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው! በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይነጥቃል። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ያደክማል፤ ሰውየው ግን እንቅልፍ መጣብኝ ይላል እንጂ ተመረዝኩ አይልም። «ጭሱ ካለቀ ምን አለበት?» የምንል ብዙዎች ነን፤ እኛም ብለን ነበር። ጭስ ባይኖርም ፍሙ ይህን ጋዝ ያወጣል።

ስለዚህ ከመተኛት በፊት ማንደጃው ከነፍሙ ደጅ ይውጣ። ያመመው ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ንጹህ አየር፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

በሉ፣ ደብተር አውጡና ሁለቱን ስሞች ከነምልክታቸው ጎን ለጎን ጻፉ።