የዶሮ ቆጥ አሠራርና አያያዝ

(ለፎገራ ገበሬዎች በወረታ የተደረገ ንግግር)



«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ይባላል። እኔ ግን ዛሬ ቆጡን ራሱን አውርዱት ልላችሁ ነው የመጣሁት። ለምን? በቤቴ የደረሰውን ልንገራችሁ።

ስምንት ዶሮዎች ነበሩኝ። ቤት ሠራሁላቸው። ባሕር ዛፍ ቆረጥኩና ልጡን ሳልልጥ፣ ቆጥ ብዬ በሚስማር መታሁት። ጥቂት ወራት ደህና ከረሙ። ከዚያ እንቁላሉ ቀነሰ። በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ገረጣ። ሲመሽ ቤታቸው አንገባም አሉ። በዱላ ብነዳቸው እያመለጡ ዋንዛው ላይ ይወጣሉ። እኔ «ዓመል ነው» አልኩ። ባለቤቴ «ዓይን ነው» አለች። በዚህ መሐል ሸለምጥማጥ ሦስቱን በላብን። ለጨውና ለልጆች ደብተር ያሰብነው ገንዘብ እንዲያው ቀረ።

አንድ ሌሊት ባትሪ ይዤ ገባሁ። የቆጡን ሥር በነጭ ጨርቅ ባሸው ጨርቁ ደም በደም ሆነ። ለካ ቅንቅን ኖሯል! ዶሮዎቹስ እውነት ነበራቸው።

ይህ ቅንቅን ደቃቅ ተባይ ነው። ቀን በእንጨቱ ስንጥቅ፣ በልጡ ሥርና በሚስማሩ ዙሪያ ይደበቃል። ሌሊት ወጥቶ የዶሮዋን ደም ይመጣል። ስለዚህ ቀን ዶሮዋን ብንፈትሽ ላናገኘው እንችላለን። በሙቀት ጊዜ በአንድ ሳምንት ገደማ ይራባል። ዶሮ ባይኖርም ሳይበላ ወራት ይቆያል። እንግዲህ ሥራው ከቆጡ ይጀምራል ማለት ነው።

ቆጥ እንዴት ይሠራል?

አንደኛ፣ እንጨቱን ልጡ፤ ጥላ ሥርም ቀስ ብሎ ይድረቅ። በፀሐይ በችኮላ የደረቀ እንጨት ይሰነጠቃል። ስንጥቅ የቅንቅን ቤት ነው።

ሁለተኛ፣ ጉጡንና ስንጥሩን በሞረድ ወይም በብርጭቆ ስባሪ ፍቁት። ጠርዙ ክብ፣ ስፋቱ ሦስት ጣት ያህል ይሁን። ስንጥር የዶሮዋን ውስጥ እግር ከወጋ ያብጣል፣ ይመግላል፣ ታነክሳለች።

ሦስተኛ፣ በሚስማር አትምቱት። በሁለት ባላ ላይ አጋድሙት፤ ሲፈለግ ይነሳል። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበል። በጣም ከረዘመ ስትወርድ እግሯን ትጎዳለች። ለአንዲት ዶሮ አንድ ስንዝር ቦታ ስጧት።

የተቃጠለ የመኪና ዘይት አትቀቡት። ላባ ያበላሻል፣ ለጤናም አይበጅም። የእህል ተባይ መድኃኒትም አትርጩበት፤ እንቁላሉን የሚበሉት ልጆቻችን ናቸው። መድኃኒት ካስፈለገ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ።

አያያዙስ?

በየሳምንቱ ኩሱን ጥረጉ። ኩሱ ከብስባሽ ጋር ሲብላላ ለሽንኩርቱ ማዳበሪያ ይሆናል። ቆጡን አውጥታችሁ ፈትሹ። ቅንቅን ካለ የፈላ ውሃ በየስንጥቁ አፍስሱና ፀሐይ ላይ አድርቁት። ባላውንና የግድግዳውን ስንጥቅ አትርሱ። ከሳምንት በኋላ ድገሙት፤ ከእንቁላል የሚፈለፈል አለና። ከዚያ ኖራ በጥብጣችሁ ቀቡት። ሳይደርቅ ግን ዶሮ አይውጣበት። አመድና ደረቅ አፈር ቀላቅላችሁ በአንድ ጥግ አስቀምጡላቸው። እየተንከባለሉበት ተባያቸውን ያራግፋሉ።

የእኛ አገር ደግሞ ውሃ ያጠቃዋል። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳው ይጥለቀለቃል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ ስንቱን ሰው ከቤቱ እንዳስወጣ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ የዶሮውን ቤት ከፍ ያለ መሬት ላይ ሥሩ። ከሩዝ መፈልፈያ የሚወጣውን ቅርፊት ከቆጡ ሥር አንጥፉ፤ ሲረጥብ ለውጡት።

እርግጥ የዶሮ ችግር ሁሉ ቅንቅን አይደለም። ፈንግል አለ፤ እሱን የሚከላከለው ክትባት ነው።

እኔ ያንን አሮጌ ቆጥ አቃጠልኩት። የተላጠ፣ የሚነሳ ቆጥ አበጀሁ፤ ግድግዳውንም በኖራ ቀባሁ። ዶሮዎቹ ሲመሽ ማንም ሳይነዳቸው መግባት ጀመሩ። ቆይቶም እንቁላሉ ተመለሰ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ዶሮዎቻችሁን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አንገባም ካሉ አትምቷቸው። ነጭ ጨርቅና ባትሪ ያዙና ቆጡን ፈትሹ።