የገበታ ማንኪያ ንጽሕናና መያዣው



ዛሬ ማታ የምነግራችሁ ስለ ትልቅ ነገር አይደለም። ሁላችንም ዘወትር በእጃችን ስለምንይዘው፣ ወደ አፋችንም ስለምናስገባው ስለ ማንኪያ ነው። ማንኪያ መታጠብ እንዳለበት የማያውቅ ሰው የለም። ነገር ግን ማንኪያው ከታጠበ በኋላ ወደ አፋችን እስኪደርስ ድረስ የት ይቆያል? ንጽሕናውንስ የሚጠብቅለት ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን፤ እኔም ብሆን ሳልታመም በፊት ጠይቄው አላውቅም ነበር።

በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ ከቡታጅራ ተነሥቼ በስተደቡብ ምሥራቅ ወደምትገኘው ወደ ቆሼ ከተማ ሄጄ ነበር። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቆሼ የሚለው ስም የሚያስታውሰው የረጲን የቆሻሻ መጣያና በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 የሚበልጡ ወገኖቻችን የሞቱበትን አሳዛኝ አደጋ ነው። የማረቋ ቆሼ ግን ከዚያ ጋር በስም ብቻ ትመሳሰላለች እንጂ የምትታወቀው በበርበሬዋ ነው።

እኩለ ቀን ሲሆን ከአንድ ምግብ ቤት ገብቼ ክትፎ አዘዝሁ። አሳላፊዋ ውሃና ሳሙና አቅርባ እጄን አስታጠበችኝ። በጣባው ላይ ለምለም የኮባ ቅጠል ተነጥፎ፣ ክትፎው ከአይቡና ከጎመኑ ጋር ቀረበልኝ፤ ቆጮውም ተከተለ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ያማረ ነበር። ማንኪያው ግን በገበታው መካከል በተቀመጠ ብርጭቆ ውስጥ ከሌሎች ማንኪያዎች ጋር አፉን ወደ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ ያርፍበታል፤ ዝንቡም ያርፍበታል። ከእኔ አስቀድሞ የተነሣለት ሰው አንዱን ለመምዘዝ ሲል የሦስቱን አፍ በጣቱ ዳስሷል። እኔም በሶፍት ጠረግ ጠረግ አድርጌ በላሁበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በአንጀት ተስቦ፣ ማለት ታይፎይድ በሚባለው በሽታ ተያዝሁና አልጋ ላይ ዋልሁ። ጥፋቱ የዚያ ማንኪያ ነው ብዬ አልፈርድም፤ በመንገድ የጠጣሁት ውሃም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ተኝቼ ሳስብ አንድ ነገር አስገረመኝ። ይኸውም ለእጃችን ውሃ እናስፈስሳለን፤ ለምግቡ አዲስ ቅጠል እናነጥፋለን፤ ምግቡን ከአፋችን የሚያደርሰውን ዕቃ ግን ለአቧራና ለዝንብ ትተነዋል።

ይህ ነገር የምግብ ቤት ጥፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየመሥሪያ ቤታችን የሻይ ክፍል ምን እንደሚታይ እናውቃለን። ሁለት ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያዎች ውሃ ባለበት ብርጭቆ ተነክረው ይቆማሉ። ጠዋት ንጹሕ የነበረው ውሃ በ4 ሰዓት መልኩ ቡናማ ይሆናል። አንዱ ያማስልበታል፣ ይልሰዋል፣ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውም ያንኑ ያነሣል። ፊርማና ማኅተም የሌለበትን ወረቀት አንቀበልም የምንል ሰዎች ያን ማንኪያ ግን ያለ አንዳች ጥያቄ እንቀበላለን።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። የቤት ዝንብ ጥርስ የላትም፤ ደረቅ ነገር መብላት ስለማትችል ከሆዷ ፈሳሽ አውጥታ ታሟሟውና ትመጠዋለች። ከመጸዳጃ ተነሥታ በማንኪያ አፍ ላይ ስታርፍ በእግሮቿ ጠጉርና በፈሳሿ ጀርም ታደርሳለች። ጀርም ደግሞ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ ይራባል። አንዳንዱ ዓይነት በሚመቸው ስፍራ በየ20 ደቂቃው አንዱ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ብቻ የነበረው በአንድ ሰዓት 8፣ በአራት ሰዓት ውስጥ 4,096 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። የሻይ ማንኪያ የሚነከርበት ለብ ያለ ስኳራም ውሃ እንዲህ ያለ ስፍራ ነው።

አባቶቻችን ጀርምን በዓይናቸው ባያዩትም የክዳንን ጥቅም ያውቁ ነበር። መሶቡ ክዳን አለው፤ ገንቦውም መክደኛ አለው። «ዝንብ ቢሰበሰብ መግላሊት አይከፍትም» ሲሉም ተርተዋል። ማንኪያ በየገበታው ሲበዛ ግን መግላሊት ሳናበጅለት ቀረን። እንግዲህ መግላሊቱን እናብጅለት ነው የምለው።

ይህ የገበታ ዕቃ መያዣ ውድ ነገር አይደለም። ሁለት ክንድ የሚሆን ነጭ አቡጀዲ ይበቃል። ጨርቁ ከማንኪያው ቁመት ጥቂት አልፎ እንዲታጠፍ ይደረግና፣ በየሦስት ጣት ስፋት ቁልቁል እየተሰፋ ኪስ ኪስ ይወጣለታል። ከላይ የሚተርፈው ጨርቅ እንደ ፖስታ ክዳን ተመልሶ ይሸፍነዋል። ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ወይም እንግዳ አንድ ኪስ ይሆናል። ነጭ እንዲሆን ያልሁት እድፉ ቶሎ እንዲታይ ነው። ጨርቅ የማይወድ ሰው ክዳን ያለው ቆርቆሮ ወይም የሸክላ ዕቃ ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አስወጥቶ ሊጠቀም ይችላል። ከሣር የተሰፋ ሙዳይ ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን ውስጡ እንደ ልብ ስለማይታጠብ ለዚህ ሥራ አይመከርም።

አጠቃቀሙም ይህን ይመስላል። ማንኪያው በሳሙና ታጥቦ፣ በንጹሕ ውሃ ተለቅልቆ፣ የፈላ ውሃ ከፈሰሰበት በኋላ በአየር ይደርቅ። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ሲወለወልበት በዋለ ጨርቅ አይጠረግ፤ ይህ የታጠበውን መልሶ ማሳደፍ ነው። ፈጽሞ ሳይደርቅም ወደ መያዣው አይግባ። ሲገባ አፉ ወደ ታች፣ እጀታው ወደ ላይ ይሁን፤ የሚያነሣው ሰው እጀታውን ብቻ ይነካል። የቀንድ ማንኪያ ያለው ሰው ግን አያፍላው። ቀንድ በሙቀት እየለሰለሰ ቅርጽ የሚይዝ ነገር ስለ ሆነ ይጣመማል፤ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥቦ በጥላ ማድረቅ ይበቃዋል።

መያዣው ራሱ በየቀኑ መታጠብ አለበት። ስለዚህ ሁለት ይሁኑ፤ አንዱ በገበታ ሲውል ሁለተኛው ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይዋል። ያልታጠበ መያዣ ከክፍቱ ብርጭቆ ይብሳል፤ ብርጭቆው እድፉን ያሳያል፣ መያዣው ግን ይሸሽገዋልና። በወረቀት ሶፍት እየጠቀለሉ ማቅረብም መልካም ነው፤ ነገር ግን ወረቀቱ በየቀኑ ተገዝቶ በየቀኑ ይጣላል። የጨርቁ መያዣ አንድ ጊዜ ተሰፍቶ እየታጠበ ብዙ ጊዜ ያገለግላል፤ በደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ንጹሕ ማንኪያ ሁሉን በሽታ አይከለክልም። በጥሬ ሥጋ ውስጥ ያለ የኮሶ ትል በማንኪያ ንጽሕና አይጠፋም፤ እርሱን የሚያጠፋው የሥጋ ምርመራና እሳት ነው። ያልተጣራ ውሃም እንደዚሁ በሌላ መንገድ የሚጠበቅ ነው። መያዣው የሚዘጋው ከብዙ በሮች አንዱን በር ነው፤ ነገር ግን በጥቂት ገንዘብና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሚዘጋ በር ነው።

በጎንደር በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ ባለሙያዎችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር የላከው፣ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም የምግብን ንጽሕና ከትምህርቶቹ መካከል የቆጠረው በሽታን ከሐኪም ቤት በፊት ከቤት ለመመለስ ነው። የጤና ሠራተኛዋ በገጠር እየዞረች ለገበሬው የምታስተምረውን፣ ቢሮ ተቀምጠን ደንብ የምናወጣ እኛ በሻይ ክፍላችን ካልፈጸምነው ነገሩ ያሳፍራል።

ከሕመሜ ተነሥቼ ወደ ሥራ ስመለስ ባለቤቴ የሰፋችውን መያዣ ይዤ ገባሁ፤ ባልደረቦቼም ሳቁብኝ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ያ ቡናማ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ከጠረጴዛው ተነሣ፤ ማን እንዳነሣው የተናገረ የለም። እናንተም ነገ ጠዋት ሻይ ስታዝዙ፣ ማንኪያውን ከማንሣታችሁ በፊት የቆመበትን ስፍራ ተመልከቱ።