ትምህርት ዘመቻ ሳይሆን ዕድር ይሁን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን በዚህ ዓመት የተለዩንን ነፍስ ይማር እያልን፣ እኛን በሕይወት ለዚህ ጉባኤ ያበቃንን ፈጣሪ እናመሰግናለን። ዛሬ የምንናገረው ስለ ትምህርት ነው። መቼስ 60 ዓመት አልፎ ስለ ደብተርና እርሳስ ማውራት ለብዙው ሰው ቀልድ ይመስላል። እኛ ግን የመጣነው ለቁም ነገር ነው።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ/ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ከመካከላችን ያን ጊዜ ወጣት የነበርነው ጠመኔ ይዘን ሰሌዳ ፊት ቆመናል። በዕድሜ የገፉት ደግሞ ከሱቅና ከጉልት ተነስተው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሀ ሁ ብለዋል። ዘመቻው እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ትምህርት ተሰጠ፤ ሁሉም የተጻፈው በዚሁ በፊደላችን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ዩኔስኮ ዓለም አቀፍ የማንበብና የመጻፍ ሽልማት ሰጠው። ስለዚያ ዘመን ሌላ ሌላው ቢነሳም፣ ስሙን ጽፎ የማያውቅ ሰው ስሙን መጻፉ የማይካድ ነው።

ታዲያ ዛሬ የምናየው ምንድነው? የምስክር ወረቀቱ መስተዋት ገብቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ባለቤቱ ግን ፈርሙ ሲባል አውራ ጣቱን ቀለም ይነክራል። ለምን ቢባል፣ ፊደል እንደ ቢላዋ ነው፤ ካልተሳለ ይዶለዱማል። ትምህርቱ ሲያልቅ የሚነበብ ነገር በየቤቱ አልነበረም፣ አብሮ የሚያነብም ሰው አልነበረም። ዘመቻ ያልቃል፣ ዘማቹም ወደ ቤቱ ይገባል። ዕድር ግን አያልቅም። በየወሩ ይከፈላል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የታመመ ይጠየቃል። እኛ የምንለው እንግዲህ ይኸው ነው፤ የሽማግሌና የአሮጊት ትምህርት እንደ ዕድር በየጊዜው የሚገናኙበት ይሁን።

ጉዳዩ የቅንጦት አይደለም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ/ም ነው። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከኪስ ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ ማለት ይቻላል። መርካቶ ውስጥ ሸቀጥ ሲገዛም ሲሸጥም «በስልክ ላኩልኝ» ነው። ከመካከላችን አንዲት እናት ልጃቸው የላከላቸውን ገንዘብ እንዲያይላቸው ስልካቸውን ለአንድ ጎረምሳ ሰጡ፤ የምሥጢር ቁጥራቸውንም ነገሩት። እማማ ገንዘቡን ሳያዩት ቀረ። ሌላው ደግሞ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚል ስልክ ሲደወልለት ቁጥሩን ይናገራል። የቤት ውል፣ የውክልና ወረቀት፣ የሐኪም ማዘዣም እንዲሁ ነው። ያላነበቡትን መፈረም ቤትን ያህል ነገር ሊያሳጣ ይችላል።

መንግሥትስ የለም ወይ ትሉ ይሆናል። ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የተባለው ዕቅድ ሲወጣ ዋና ዓላማው ያደረገው ከ15 እስከ 60 ዓመት ያለውን ሰው ነው። የጡረታ ዕድሜያችንም 60 ነው። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ላለው ሰው፣ ከቤተሰቡ ቀጥሎ የቀረበው ዕድሩ ነው።

በሌላ አገር ምን አደረጉ? በፈረንሳይ አገር ቱሉዝ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1973 ለጡረተኞች የሚሆን ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ፤ ስሙንም የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ አሉት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1982 ነገሩን ወስደው በራሳቸው መንገድ አደረጉት፤ አባሎቹ ራሳቸው አስተማሪም ተማሪም ሆኑ። ፈተና የለም፣ ዲግሪም የለም። ይህ ከእኛ ዕድር በምን ይለያል? ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ አዛውንት በ84 ዓመታቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ የተማሪ ልብስ ለብሰው ከሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገቡ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን በራሳቸው ዓይን ማንበብ ነበር። በ2005 ኒውዮርክ ድረስ ሄደው ስለ ነጻ ትምህርት ተናገሩ። በ2009 ሲያርፉ እያነበቡ ነው ያረፉት ማለት ይቻላል።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። መርካቶ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። በሸማ ተራ ጥለት የሚለይ፣ በምናለሽ ተራ ከወዳደቀ ብረት ዕቃ የሚያወጣ፣ በበርበሬ ንግድ ያረጀች እናት፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ሒሳብ ሠራተኛ በዚሁ ዕድር ውስጥ አሉ። አንዱ የሚያውቀውን ለሌላው ቢያካፍል ደመወዝ አያስፈልገውም። ራጉኤል የሚሳለመውም፣ አንዋር መስጊድ የሚሰግደውም አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በለቅሶ ቤትስ አንድ ድንኳን ውስጥ አይደለም የምንቀመጠው?

ስለዚህ ሐሳባችን እንዲህ ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ቅዳሴ አለ፣ ቅዳሜ ገበያው ይደምቃል። ስለዚህ ቀኑ ማክሰኞ ይሁን፣ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት። የመጀመሪያው ሰዓት ለፊደልና ለንባብ ይሁን። የሚነበበውም ከሁሉ በፊት የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ነው፤ የምንቀጣበትን ሕግ እንወቀው እንጂ! ሁለተኛው ሰዓት አንድ ሳምንት ለስልክ ይሁን፤ ገንዘብ መቀበል፣ መላክ፣ የምሥጢር ቁጥርን ለልጅም ቢሆን አለመናገር። ሌላ ሳምንት ለጤና፣ ሌላ ሳምንት ለእጅ ሙያ። ስልኩን ወጣቶቹ ያሳዩን፤ እኛም በፈንታው የሰፈሩን ታሪክና የሽምግልና ሥርዓት እንነግራቸዋለን።

አንዳንዱ «ዓይኔ አያይም» ይላል። ከ40 ዓመት በኋላ የቅርቡን ማየት መድከሙ በሁሉም ሰው የሚደርስ ነው፤ ለብዙው ሰው የማንበቢያ መነጽር ይበቃዋል። አስቀድሞ ግን ዓይንን መታየት ነው፤ የዓይን ግፊትና ሞራ በመነጽር አይድንምና።

ሌላው ደግሞ «የዕድር ገንዘብ የቀብር ነው» ይላል። ልክ ነው፣ እኛም ከቀብሩ ሣጥን አንዲት ብር አውጡ አላልንም። አግዳሚ ወንበሩ በንብረት ክፍል ተደርድሮ ለቅሶ ይጠብቃል፤ በሳምንት ሁለት ሰዓት ሕያዋን ቢቀመጡበት አይሰበርም። ጥሩምባ የተነፋ ዕለት ትምህርቱ ይቋረጥ፣ ሁላችንም ወደ ለቅሶው እንሂድ። ጠመኔና ሰሌዳውን የሚማሩት ሰዎች ያዋጡ። ስድስት ወር ተሞክሮ ለጉባኤው ይነገር፤ ካልጠቀመ ይቅር።

አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለዋል። እኛ ጠምጥመናል፣ ዘግይተናልም። ቢሆንም የጠመጠመ ሰው አይማርም ያለ የለም። ዕድራችን ስንሞት በክብር ይቀብረናል፤ በዚህ አንጠራጠርም። እስከዚያው ድረስ በሚቀረን ዕድሜ ወረቀታችንን ራሳችን አንብበን፣ በራሳችን እጅ እንድንፈርም ያግዘን። ጉባኤው በዚህ ሐሳብ ላይ ዛሬውኑ ድምፅ እንዲሰጥበት በትሕትና እንጠይቃለን።