የዛለ ክንድ ያላቸውን ወላጅ ስለ መርዳት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማነሣው ጉዳይ ስለ ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን ሕመምተኛው ቤቱ ከገባ በኋላ ስለሚሆነው ነው። በ1998 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ሥልጠና ሲጀመር በመላው አገሪቱ የነበሩት የሙያው ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ግን አንድ የአዲ አርቃይ አዛውንት የአንገታቸው አከርካሪ ኅብለ ሰረሰራቸውን ተጭኖ እግራቸው ሲከዳቸው፣ ታክመው በእግራቸው ወደ ቤታቸው ለመመለስ ተስፋ አላቸው።

ነገር ግን ቁስሉ እየደረቀ፣ እግሩም እየጸና ሳለ፣ ከቀዶው በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት አንደኛው ክንድ ከትከሻው አልነሣ የሚልበት ጊዜ አለ። ጣቶቹ ይጨብጣሉ፤ ክርኑ ግን ለመታጠፍ ይሰንፋል። ይህ አምስተኛው የአንገት ነርቭ ሥር ሲዳከም የሚመጣ ሲሆን፣ በአንገት በኩል ጫናው ከተነሣላቸው ከመቶው ወደ አምስት በሚጠጉት ላይ ይታያል። መንሥኤው እስካሁን ያከራክራል፤ ብዙዎች የሚደግፉት ሐሳብ፣ ጫናው የተነሣለት ኅብለ ሰረሰር ወደ ኋላ ሲሸሽ የነርቩን ሥር ይስበዋል የሚለው ነው። አብዛኞቹ በስድስት ወር ውስጥ ይሻላቸዋል፤ የአንዳንዶቹ እስከ ሁለት ዓመት ይወስዳል፤ ጥቂቶች ፈጽሞ አያገግሙም።

ይህን ለልጆቻቸው ማን ይነግራቸዋል? ያልተነገረው ልጅ አባቱን ወደ ወጌሻ ቢወስድ አይፈረድበትም። ወጌሻ በውልቃትና በስብራት በአገሩ የተከበረ ሰው ነው፤ በቅርቡ የተቀደደን አንገት ማሸትና መጎተት ግን ኅብለ ሰረሰሩን እስከ ወዲያኛው ሊጎዳ ይችላል። ከአዲ አርቃይ ተነሥቶ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት በኩል ጎንደር መድረስ ለጤነኛም ይከብዳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ አካባቢው በደረሰ ጊዜ ደግሞ መንገዱ ምን ያህል የማይታመን እንደሆነ ታይቷል። ስለዚህ ወደድንም ጠላንም የአካል ሕክምናውን ሥራ የሚሠራው ልጁ ነው።

ልጁም አባቱን ከመደብ ሲያነሣ የዛለውን ክንድ ይዞ እንዳይስብ ይነገረው፤ መገጣጠሚያውን አጥብቆ የሚይዘው ጡንቻ ሰንፏልና ትከሻው ሊወልቅ ይችላል። ወገባቸውን አቅፎ፣ በደኅናው ጎን ደግፎ ያንሣቸው። ሲቀመጡ ክንዱ በታጠፈ ጋቢ ላይ ይረፍ። ሲሄዱ በነጠላ ይንገት፤ ቀኑን ሙሉ ከታሰረ ግን ትከሻው ይደርቃል። ሐኪሙ በፈቀደው መጠን፣ ጠዋትና ማታ በጀርባቸው አስተኝቶ፣ ክርናቸውንና አንጓቸውን ይዞ እስከማያሳምማቸው ድረስ ቀስ ብሎ ያንሣላቸው። ሸሚዝ ሲለብሱ የዛለው ክንድ ይቀድማል፤ ሲያወልቁ ይዘገያል።

ስለ ማዕዱም አንድ ነገር ልበል። ጉርሻ የፍቅር ምልክት ነው፤ ሆኖም በየጉርሻው የሚጎርሱ አባት ክርናቸውን የሚያጥፉበትን ምክንያት ያጣሉ፤ በገዛ መሶባቸውም ፊት እንደ ሕፃን ይሆናሉ። መሶቡ ይጠጋላቸው፤ የቀኙን ክንድ በግራቸው ደግፈው የመጀመሪያዎቹን ጉርሻዎች ራሳቸው ያንሡ፤ የደከማቸውን ልጁ ይጨርስ። በግራ እጅ ተደግፎ ማማተብም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከብዙ የታተሙ መልመጃዎች ይሻላል፤ ማንም ሳያስታውሳቸው በቀን ብዙ ጊዜ ያደርጉታልና።

እግራቸው እንደገና ቢዝል፣ ሌላው ክንዳቸው ቢሰንፍ፣ ሽንታቸው ቢቋጠር ወይም ቢያመልጣቸው፣ ትኩሳት ቢይዛቸው ወይም ቁስሉ ፈሳሽ ቢያወጣ ግን ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የንጽሕና ጥበቃ ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ይልክ ነበር። ከእርሱ ያደገው ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ፊዚዮቴራፒስቶችንም ያሠለጥናል። የጎደለን በሆስፒታሉ በርና በመደቡ መካከል ያለው ርቀት የሚሸፈንበት ሥርዓት ነው። እንግዲህ ለውይይታችሁ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ ግማሽ ገጽ የማይሞላ ምክር በአማርኛ ተጽፎ ለልጁ ይሰጠው፤ የአባቱንም ክንድ በፊታችን ሁለት ጊዜ በትክክል አንሥቶ ሳያሳየን የመውጫ ወረቀቱ አይፈረም።