በእጅ የሚዳሰስ ሳይንስ
የተግባር ሳይንስ ሙዚየም የሚባለው ጎብኚው የቀረበለትን ማሳያ በእጁ እየነካና እያንቀሳቀሰ የተፈጥሮን ሕግ በራሱ ሙከራ የሚያገኝበት ተቋም ነው። የፊዚክስ ሊቁ ፍራንክ ኦፐንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የመሠረቱትና በ1985 ሕይወታቸው እስካለፈ ድረስ የመሩት ኤክስፕሎራቶሪየም ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ኦፐንሃይመር ቀደም ሲል በኮሎራዶ ገጠር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ሆነው ስለሠሩ ወጣቶች እየሠሩ እንደሚማሩ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፤ በመሆኑም የሙዚየሙን ወርክሾፕ ለጎብኚ ዕይታ ክፍት አድርገው፣ ማሳያዎቹ ሲሠሩና ሲጠገኑ ሕዝቡ እንዲመለከት አደረጉ። ከዚህም በላይ የከተማዋን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክፍያ «አስረጂ» አድርገው ቀጠሩ፤ አስረጂ ማለት ጥያቄ እያነሳ ሙከራውን ከጎብኚው ጋር የሚያካሂድ ወጣት ሲሆን፣ ለምሳሌ የላም ዓይን በሰዎች ፊት ሰንጥቆ ብርሃንን ሰብስቦ ምስል የሚፈጥረውን ሌንስ አውጥቶ ያሳያል። የማሳያዎቹ አሠራርም በመጽሐፍ ታትሞ ሌሎች ሙዚየሞች እንዲገለገሉበት ተሰራጭቷል። ከዚህ አመራር የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ማኅበረሰቡ ሙዚየሙን የራሱ አድርጎ የሚይዘው መሪው የአካባቢውን ልጆች አምኖ የማስተማሩን ኃላፊነት ሲያካፍላቸው ነው።